የንባብ ክፍሉ መቀርቀሪያ

ልጄ ጠዋት ሥራ ስትሄድ በሩን ከውጭ ትቆልፍብኛለች። አንዴ ደረጃ ላይ ወድቄ ዳሌዬን ከተጎዳሁ ወዲህ የመጣ ነገር ነው። «እማዬ፣ ወጥተሽ ብትወድቂስ?» ትላለች። ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ተፋጥጦ መዋል ሆነ ሥራዬ። ጉልበቴ ተሳሰረ፣ እንቅልፍም ራቀኝ።

የሰፈራችን ትምህርት ቤት ልጆችን በነጻ የሚያስነብቡ አረጋውያን ሲፈልግ ለምኜም አልቅሼም በስንት መከራ አስፈቀድኳት።

«ትንሽ ነገር ብትሆኚ ግን አበቃ!» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ጉልበቴ ተፍታታ፤ ማታ ጎኔ ፍራሽ ሲነካ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስደኛል።

የንባብ ክፍሉ ፎቅ ላይ፣ ደረጃው አፍ ላይ ነው። ልጆቹ ደግሞ ፌንጣ ናቸው። አንዱ ዘሎ ቢወጣና ቢንከባለልስ? ስለዚህ ሁልጊዜ በሩን ከውስጥ እቀረቅራለሁ። ትናንት ግን የዛገው መቀርቀሪያ ነከሰ። ብጎትተው፣ በጫማዬ ብመታው፣ ወይ ፍንክች! ላብ አጠመቀኝ። ልጄ ከሰማች አለቀልኝ።

«እማማ፣ ሽንቴ መጣ» አለ አንዱ።

«ያዘው የኔ ጌታ!»

«እኔ ይዤዋለሁ፤ እሱ ነው የማይሰማው።»

የፊት ጥርሷ የወለቀው ልጅ አፍጥጣ አየችኝ። «ለምንድነው ሁልጊዜ የምትቆልፊብን?»

«እንዳትወድቁ ነዋ!»

«ወድቀን እናውቃለን እንዴ?»

የልጄ ቃል ከገዛ አፌ ሲወጣ ሰማሁት።

በመስኮት ጮኼ ዘበኛውን ጠራሁት። በሩን ከውጭ በብረት ፈልቅቆ፣ መቀርቀሪያውን ነቅሎ አወጣን። ሽንቱ የመጣው ልጅ ደረጃውን እንደ ጥይት ወረደው፤ ምንም አልሆነም።

«እኔ ከውጭ ስጠብቅ እርስዎ ከውስጥ ቆለፉብን?» ብሎ ዘበኛው ሳቀብኝ።

ርዕሰ መምህሯ «መቀርቀሪያው አይመለስም፤ እርስዎ ግን ይመለሱ» አለችኝ። ቢሆንም ልጄ ጋ ደወለች።

ልጄ እያለከለከች መጣች። ክንዴን ይዛ ቤት አስገባችኝ። ከዚያ «በቃ!» አለች።

ዛሬ ጠዋት በሩን ዘግታ ቁልፉን ስትሰካ ሰማኋት።

«ልጄ፣» አልኳት ከበሩ ጀርባ፣ «ክፉ አስበሽ አይደለም፣ አውቃለሁ። እኔም ልጆቹ ላይ ስቀረቅር ክፉ አስቤ አልነበረም። የእነሱ ግን ተነቅሎላቸዋል።»

ቆይቶ ኮቴዋ ራቀ። ቁልፉ ሲዞር ሰምቻለሁ ወይስ አልሰማሁም? ጫማዬን አድርጌ ቆምኩ፤ እጀታውን ልንካው ብል እጄ እምቢ አለኝ። ተቆልፎ ቢሆንስ?

እንደምንም ብዬ ተጫንኩት። ተከፈተ። ቁልፉ ከውጭ እንደተሰካ ነበር። ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት፤ ግድግዳውን ይዤ፣ ቀስ እያልኩ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ወረድኩ።