ሳፊያ ያነበበቻቸው አሥራ አራት መጻሕፍት

ዘውድነሽ እባላለሁ። አዳማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ቤተ መጻሕፍት ስላችሁ ታዲያ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ድሮ የተሰባበረ ወንበር የሚከመርበት ክፍል ነው፤ አራት መደርደሪያና ሁለት ጠረጴዛ አለው፣ ጣሪያው ከሰዓት በኋላ ያቃጥላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጬበታለሁ። ልጅ ትወጃለሽ ወይ ብትሉኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ እምብዛም ነኝ። እጁን ሳይታጠብ መጽሐፍ የሚነካ ልጅ ደሜን ያፈላዋል።

ዘንድሮ ጥር መጨረሻ ላይ ርዕሰ መምህራችን አቶ ልዑልሰገድ የንባብ ወር ይደረግ አሉ። ልጆቹ በምሳ ሰዓት መጥተው ያነባሉ፣ ታሪኩን ለእኔ ይነግሩኛል፣ እኔ ግድግዳው ላይ ከስማቸው ፊት ኮከብ እለጥፋለሁ። ብዙ ኮከብ ያገኘው ልጅ በመጨረሻው ዓርብ ሰልፍ ላይ፣ በእንግዶች ፊት ያነባል።

«ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ ግድግዳውን በኮከብ ይሙሉልኝ» አሉኝ።

እኔ ግን ኮከብ ዝም ብዬ የማድል ሰው አይደለሁም። ሳያነብ መጥቶ የሚቀባጥረውን ሁለት ጥያቄ እጠይቀውና ወደ መጣበት እሸኘዋለሁ።

ለሳፊያ ግን ኮከብ የምሰጣት ሳልጠይቃት ነበር። የአራተኛ ክፍል ልጅ ናት፤ እናቷ ፈውዚያ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ሁልጊዜ የምትመጣው አምስተኛ ክፍል ከምትማረው ከጎረቤቷ ልጅ ከጉዲቱ ጋር ነው። አንድ መጽሐፍ ይወስዱና ጥግ ይዘው ይንሾካሾካሉ። ከዚያ ሳፊያ ፊቴ ቆማ ስትነግረኝ ጉድ ነው! ማን ምን እንዳለ፣ ማን ምን እንደመለሰ፣ ነጠላ ቃል አታስቀርም። አራቱ ሳምንት ሳያልቅ አሥራ አራት ኮከብ ሰበሰበች። እኔም ልጅ አልወድም የምለዋ ሴትዮ፣ ትንሽ ከዘገየች በሩ ላይ ብቅ ብዬ መንገዱን ማየት ለመድኩ።

ሐሙስ ዕለት ልምምድ አደረግን። ከመጻሕፍቱ ሁሉ የምትወደውን፣ ቤት ይዛው የምትሄደውን መርጣለች፤ ለልጆቿ ጤፍ የምትሰርቅ የአንዲት አይጥ ታሪክ ነው። ውጭ አቆምኳትና ጀመረች፤ ድምጿ ደግሞ ሲያምር! መሀል ላይ ያ የአዳማ ነፋስ መጣና ሦስት ገጽ አንድ ላይ ገለበጠው። ሳፊያ ዓይኗን ከመጽሐፉ ሳትነቅል የቀድሞውን ገጽ ማንበቧን ቀጠለች። በእሷ አፍ አይጧ ገና ጎተራው ጋ አልደረሰችም፣ መጽሐፉ ላይ ግን ድመቷ እየሮጠች ነው።

ወደ ክፍሌ አስገባኋት። ገጹን በእጄ ሸፍኜ አንዲት ቃል ብቻ ተውኩላት።

«ይቺ ምን ትላለች?»

እጄን ሳብ አደረገች። ሌላ ቃል አሳየኋት። እሱንም አልቻለችም።

«ቲቸር፣ ማንበብ አልችልም» አለች።

አላለቀሰችም። እንዴት እንደሆነ ስጠይቃት እንደ ቀላል ነገር ነገረችኝ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፍ አንድ ለሦስት ነው፤ መሀል የተቀመጠው ይይዘዋል፣ እሷ ሁልጊዜ ዳር ናት፣ ፊደሉ አይታያትም። አጠገቧ ያለው ልጅ ሲያነብ ሰምታ ትይዛለች፤ መምህር ሲጠራት የያዘችውን ትላለች። «ሁልጊዜ ሁለተኛ ነው የማነበው» አለችኝ። እዚህ ደግሞ የምታነብላት ጉዲቱ ናት። አሥራ አራቱንም መጽሐፍ በጆሮዋ ሸምድዳዋለች። እኔ ነኝ የምለዋ ሴትዮ ይህ ሁሉ ከአፍንጫዬ ሥር ሲሆን ኮከብ ስለጥፍ ነበር።

ለአቶ ልዑልሰገድ ልናገር ተነሳሁ። ሳፊያ ቀሚሴን ያዘችኝ።

«ቲቸር በአላህ! እማዬ ነገ ሽፍቷን ለውጣ ነው የምትመጣው።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ልጅቷን ከመድረክ ባወርዳት፣ ወይም በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት አንገቷን ብትደፋ፣ ሁለተኛ መጽሐፍ እንደማትነካ እርግጠኛ ነበርኩ። በዚያ ክፍል ከገቡ ልጆች ደግሞ እንደ እሷ መጽሐፍ የወደደ አላየሁም። ለኮከብ የሚያነቡትን አውቃቸዋለሁ።

«ይኸውልሽ፣ እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ። ሳስል ገጹን ትገልጫለሽ» አልኳት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳይታጠፍ የኖረ ደንቤ እዚህች ላይ ታጠፈ።

ዓርብ ጠዋት ሰልፉ ሞላ። ፈውዚያ የፋብሪካ ጋውኗን እንደለበሰች ፊት ለፊት ተቀምጣለች። እኔ ሳልኩ፣ ሳፊያ ገለጠች፤ ሳልኩ፣ ገለጠች። አቶ ልዑልሰገድ ውሃ አስመጡልኝ። ሁለት ገጽ ሲቀር ከእንግዶቹ አንዱ ደስ ቢላቸው ጊዜ ተነሱ።

«ጎበዝ! ይሄንንስ ለምዳዋለች፤ እስቲ ከአዲሶቹ እናስነብባት» ብለው በስጦታ ካመጡት ካርቶን አንድ መጽሐፍ አውጥተው ሰጧት።

ሳፊያ ተቀበለች። ገለጠችው። እኔ ማሳሌን ረስቼዋለሁ። ማይኩ ላይ ትንፋሿ ይሰማል።

«ይሄ ገና አልተነበበልኝም» አለች።

አንዳንዱ ልጅ ሳቀ። እንግዳው ግራ ገብቷቸው «ማንበብ አትችልም እንዴ?» አሉ። ያን ጊዜ ፈውዚያ ብድግ አለች።

«እንዴት አትችልም! ልጄን አታሳፍሯት! እኔ ነኝ እንጂ ያልተማርኩት፣ እሷማ ለእኔ ታነብልኛለች! ያቺ አይጥ ከወጥመዱ አምልጣ ለልጆቿ ጤፏን ይዛ ስትገባ፣ ስንቴ አንብባልኛለች!»

እኔ መጽሐፉን አውቀዋለሁ። አይጧ አታመልጥም። ወጥመዱ ውስጥ ትሞታለች፤ ሳፊያም ለእኔ ስትነግረኝ ሞተች ብላ ነው የጨረሰችው። ለእናቷ ነው የቀየረችላት። ማይኩን ተቀብዬ «ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም፣ የእኔ ነው» ከማለት በቀር የተናገርኩት ነገር የለም። አቶ ልዑልሰገድ በዓይናቸው ሊበሉኝ ነበር። ሰልፉ ተበተነ።

ሰኞ ሳፊያ ቤተ መጻሕፍት አልመጣችም። ማክሰኞም ቀረች። ጉዲቱ ብቻዋን መጥታ በሩ ላይ ቆማ ተመለሰች። ረቡዕ ቁልፌን ይዤ ራሴ አራተኛ ክፍል ሄድኩ፤ እኔ ለልጅ ብዬ ከወንበሬ ስነሳ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ስታየኝ ደስኩ ሥር ገባች።

«ውጪ እባክሽ፤ ጉልበቴ አይታጠፍም፣ እዚያ ድረስ አልጎነበስም።»

የእንግዳውን መጽሐፍ ይዤላት ነበር። ዳር ላይ ሳይሆን መሀል አስቀመጥኳትና ማንበብ ጀመርኩ። ታሪኩ በጣም ሲጥም፣ እኩሌታው ላይ ስንደርስ፣ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት።

«ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያማ ያለው እዚህ ተጽፏል። ፊደል ስትለዪ ታገኚዋለሽ።»

«ቲቸር፣ ክፉ ነሽ!»

«ነኝ» አልኳት።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት፣ እኔ በሩን ሳልከፍት ደርሳ ጠበቀችኝ። ከ«ሀ» ጀመርን። መጋቢትና ሚያዝያ ሙሉ ተጨቃጨቅን፤ «ጸ» እና «ጰ» እየተምታቱባት ፀጉሬን አስነጩኝ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ያንን መጽሐፍ ብቻዋን ጨረሰችው። እንደጨረሰች ያለችኝ ግን «መጨረሻው አይረባም» ነው።

ሰኔ ላይ፣ ፈውዚያ ዕረፍት በሆነችበት ቀን፣ እናቷን ይዛ መጣች። የአይጧን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረደች። ሁለቱ ጠረጴዛው ዘንድ ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላቸው ቆምኩ። ሳፊያ ጣቷን ከያንዳንዱ ቃል ሥር እያስኬደች፣ እየተንተባተበች፣ አንዳንዴ ወደ ኋላ እየተመለሰች አነበበች። ድሮ በሽምደዳ ስትለው እንደ ውሃ ነበር፤ አሁን ላብ ላብ አላት። ፈውዚያ ግን ጣቷን እየተከተለች ትንፋሿን ውጣ ታዳምጣለች።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሱ። ሳፊያ ጣቷን ቃሉ ላይ አሳረፈች። «ሞተች» ይላል። ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ እንዳነበበችው አወቅኩ። ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ልጅ አንዲት ቃል ሲያበላሽ ዝም ብዬ አልፌ አላውቅም።

«አመለጠች» ብላ አነበበች።

ዝም አልኩ።