አምባር ያልለመደ እጅ

ከመጋረጃው ሥር የወጣው እጅ የታማሚዋ አልነበረም። ዶክተር ባጊራቲ ይህን ያወቀችው የደም ሥሩን ምት ቆጥራ ሳትጨርስ ነው።

ምቱ የፈራ ሰው ምት ነው፤ ይፈጥናል፣ ግን ጠንካራ ነው። ቆዳው ቀዝቃዛ ነው። ክረምቱን ሙሉ ከአልጋ አልተነሣችም የተባለች የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እጅ እንዲህ አይሆንም። ባጊራቲ ፊቷን ሳትለውጥ መቁጠሯን የቀጠለች መሰለች። ጊዜ ያስፈልጋት ነበር።

ገና ስትገባ፣ «ለወንድ ሐኪም መጋረጃ መዘርጋቱ ይገባኛል፤ ለእኔ ግን ምን ያደርጋል?» ብላ ጠይቃ ነበር።

የቤቱ እመቤት ኡማባይ ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም። «መጋረጃው ስለ ወንድና ሴት አይደለም፤ ስለ ባሕሩ ነው። ለትምህርት ባሕር ተሻግረሽ ከላም በላተኞች ጋር ማዕድ የቆረስሽ ልጅ ነሽ። ምራቴ ደግሞ ስለት ላይ ናት። እጇን ያዢና በሽታዋን ንገሪን። እጅ ይታጠባል፤ ዓይንሽ ያረፈበት ገላ ግን በምን ይታጠባል?»

ልጃቸው ሳዳሺቭራኦ ሳቀ። «እህቴ፣ እኔ ዳኛ ፊት እንጂ እናቴ ፊት ክስ አሸንፌ አላውቅም።»

ሳቁ ቀድሞ የተዘጋጀ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ነው ጥርጣሬዋ የጀመረው። ኧረ እንዲያውም ከዚያ በፊት፣ ጋሪውን በላከላት ጊዜ ነው።

ሳዳሺቭራኦ በከተማው የታወቀ ጠበቃ ነው፤ የሴቶችን ትምህርት የሚደግፈው ማኅበርም ሊቀ መንበር። ባጊራቲ ሕሙማኗን የምታይበት ቤት የእሱ ነው። የመጀመሪያ ሚስቱ ሞታ ትንሿን ማቱን ባገባ ጊዜ፣ ልጅቱ ትምህርቷን እስክትጨርስ በቤቱ እንደ እህት እንደምትኖር በጉባኤ ፊት ቃል ገብቶ ነበር። መጀመሪያ ያጨበጨበችለት ባጊራቲ ናት። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን ማቱ ከትምህርት ቤት ቀረች። መጀመሪያ ጉንፋን ተባለ፤ ቀጥሎ እንግዳ መጣ ተባለ፤ በመጨረሻም ስለት። ፑኔ ከተማ ያለው አባቷ ነገሩ አላምር ብሎት ሰው ላከ። «ሐኪሟ አይታ ደህና ናት ካለችኝ አልመጣም፤ አለዚያ ራሴ መጥቼ ልጄን እወስዳለሁ» አለ። ባጊራቲ ይህን ይዛ ወደ ጠበቃው ስትሄድ፣ ተናግራ ሳትጨርስ «እሺ» አላት፤ ጋሪውንም ላከላት። ጠበቃ ሳይከራከር እሺ ሲል ደስ አይልም።

አሁን ከመጋረጃው ሥር የወጣውን እጅ አተኩራ አየችው። አረንጓዴ የብርጭቆ አምባሮች ተደርድረውበታል፤ ያገባች ሴት አምባሮች። አውራ ጣቱ ሥር ቆዳው ተልጧል። አምባሮቹ ዛሬ ጧት በግድ ገብተዋል ማለት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ አምባር የለመደች ሴት የእጅ አንጓዋ ላይ ምልክት ይኖራታል። ይህኛው አንጓ ግን ከክንዱ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ደግሞም እጁ አምባሮቹ እንዳይንኳኩ ተጠንቅቆ በአየር ላይ ቆሟል፤ ድምፃቸውን ይፈራል።

ባጊራቲ ያን ፍርሃት ታውቀዋለች። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት፣ ፊቱን በቅጡ የማታስታውሰው ባሏ በሞተ ማግስት፣ አክስቶቿ መበለት አምባር አታደርግም ብለው አምባሮቿን ደጃፍ ላይ በድንጋይ ሰብረውባታል። የመበለት እጅ ነው ይኼ። በዚህ ቤት ያለች መበለት ደግሞ አንዲት ናት፤ የኡማባይ ሟች ታናሽ ልጅ ሚስት፣ ቺማ። ባጊራቲ አንድ ጊዜ ጭንቅላቷን ተላጭታ፣ ያን የመበለት ልብስ፣ ሻካራውን ቀይ ሣሪ ተከናንባ፣ ከጉድጓዱ ውኃ ስትቀዳ አይታታለች።

«ማቱ፣» አለች ወደ መጋረጃው፣ «የት ላይ ነው የሚያምሽ?»

«ጉሮሮዋ ተዘግቷል» አሉ ኡማባይ።

«ምላሷን ታሳየኝ።»

«ባሕር ማዶ ትዕግሥት አያስተምሩም መቼም!»

ሳዳሺቭራኦ ወደ ባጊራቲ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደህና ናት አይደል? ለአባቷ እንዲሁ ብለሽ ላኪበት። በነገራችን ላይ፣ ለሕሙማኑ ቦታው ጠቧቸዋል ብለሽኝ ነበር። ከሕክምና ቤትሽ ጎን ያለውን ክፍል ላስለቅቅልሽ አስቤያለሁ።»

ማስፈራራት አልነበረም። ቤቱ የማን እንደሆነ በትሕትና ማስታወስ ነበር። ባጊራቲ በዚያች ቅጽበት ሕሙማኗን አሰበች፤ ወንድ ሐኪም እንዳያያቸው ብለው በሽታቸውን ዓመታት ደብቀው የሚመጡትን። «ደህና ናት» ብላ ብትወጣ የሚከሳት የለም። እጅ አይታለች፤ እጁም ጤነኛ ነው።

ልትለቀው ስትል እጁ ሁለት ጣቷን ጨምቆ ያዘ። ከዚያ ተገለበጠና አመልካች ጣቱ ቀስ ብሎ ወደ ወለሉ አመለከተ። ከነሱ ሥር ያለው ምድር ቤት ነው፤ ከምድር ቤቱ ጀርባ ጓሮው።

አላመነችውም። ባለፈው ዓመት አንድ ቤት ታማሚ አለ ብለው ጠርተዋት፣ ጓዳ ስትገባ ወርቅ ሰረቀችን ብለው ጮኸውባት ነበር። ይህም ወጥመድ ቢሆንስ? ጠበቃ ባለበት ቤት?

ተነሣች። «እጄን የምታጠብበት ውኃ ይሰጠኝ።»

«እዚሁ ይቀርብልሻል!» አለ ሳዳሺቭራኦ፣ በጣም ፈጥኖ።

«በማን ዕቃ?» ኡማባይ ጮኹ። «በእኔ መዳብ? እኔ ሳልሞት ነው! ጓሮ ትውረድና ከላሞቹ ገንዳ ትታጠብ።»

«እናቴ…»

«እናትህን ዛሬ አታስተምራትም! በዚህ ቤት ንጽሕና የምጠብቀው እኔ ነኝ።»

ኡማባይ ምን እንዳደረጉ የገባቸው የልጃቸውን ፊት መገርጣት ሲያዩ ነው። ባጊራቲ ግን ቦርሳዋን አንሥታ ደረጃውን ጨርሳለች።

ጓሮው ከላሞቹ በቀር ሰው የለበትም። ከጋጣው አጠገብ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል አለች። በደጇ ለአራስ የሚሰቀለው የኒም ቅጠል ተንጠልጥሏል፤ ከበሩ ሥር የከሰል ጢስ ይወጣል። የአራስ ቤት ነው። ስለ አራስ ግን ማንም አልነገራትም።

በሩን ገፋችው።

ማቱ ሰሌን ላይ ተኝታለች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ባጊራቲ ግንባሯን ስትነካው እንደ ምጣድ ያቃጥላል። ሕፃን የለም። የወለደችና ትኩሳት የያዛት አራስ ሽታ ግን ክፍሉን ሞልቶታል።

«ውኃ» አለች ልጅቱ። «ላሞቹ ጠጡ። እኔን ግን አራስ ውኃ አትጠጣም ብለው ከለከሉኝ።»

ባጊራቲ ለሕሙማን ይዛው ከምትዞረው ውኃ ጠብ ጠብ አደረገችላት። ልቧ እንደ ሐኪም ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ከዚህ ከወጣች ትድን ይሆናል፤ ካደረች ግን አትድንም። ንዴቱ በኋላ ይደርሳል።

ስትዞር ሳዳሺቭራኦ በጓሮው ጫፍ ቆሟል። የአራሷ እርኩሰት እንዳይነካው ከዚያ አላለፈም። በጉባኤ ግን እንዲህ ባለው ነገር የሚያፌዝ እሱ ነበር።

«ሕፃኑ ያለ ጊዜው የመጣ ነው፤ ሞቶ ተወለደ» አለ። «ሰው ነኝ። ስሕተት ነው።»

«ጋሪውን ወደ ጓሮ በር ያስመጡልኝ።»

«እህቴ፣ ይህ ወሬ ከወጣ የሚዘጋው የእኔ በር ብቻ አይደለም። ሕክምና ቤቱም ማኅበሩም አብረው ይዘጋሉ። አሥር ዓመት የለፋሽበት ነው። ለአንድ…»

«ለአንድ ምን?»

ኡማባይ ከኋላው ደርሰው ነበር። «ተያት በላት! ማን ሊሸከማት ነው? አራስ የሚነካ ሰው እዚህ ቤት የለም። ባለ ጋሪውም ግቢዬን አይረግጥም።»

ባጊራቲ ጎንበስ ብላ ብቻዋን ልታነሣት ሞከረች፤ አልቻለችም። ያን ጊዜ የአምባር ድምፅ ሰማች። ቺማ ደረጃውን እየወረደች ነበር፤ ራሷ ተላጭቶ፣ ቀይ ሣሪዋን ተከናንባ፣ እጇ በአረንጓዴ ብርጭቆ ተሞልቶ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ግቢ ታይቶ አይታወቅም።

ባጊራቲ መንገዷን ዘግታ ቆመች። ከሰሉን ማን ነው የሚያነድደው? ውኃውን የከለከለውስ? «አንቺ ነሽ የምታስታምሚያት?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ለምንስ እጅሽን ሰጠሽ?»

ቺማ ዓይኗን አልሰበረችም። «የሠራተኛዋን እጅ ሊያወጡ ነበር። እኔ ልሁን ብዬ ለመንኳቸው። የሠራተኛዋ እጅ ቢሆን ኖሮ አምነሽ ትሄጂ ነበር።»

ባጊራቲ አመነቻትም፣ አላመነቻትም። ግን ከመንገዷ ዞር አለች። ቺማ ጎንበስ ብላ ልጅቱን እንደ ጭድ ነዶ ብድግ አደረገቻት።

«አምባሩን!» ኡማባይ ደረታቸውን ደቁ። «አንቺ ልጄን የበላሽ! አምባሩን ሰብረሽ ውጪ! መንደሩ ምን ይለኛል?»

«እርስዎ ያደረጉልኝ ነው፣ እናቴ።»

«ያን በር ብትወጪ ይዘጋብሻል፤ ሰምተሻል? ይዘጋብሻል!»

ባጊራቲ ቀድማ ወጥታ ለባለ ጋሪው በእጇ ምልክት ሰጠች። በመንገዱ ማዶ አንድ መስኮት ተከፈተ፤ ቀጥሎ ሌላ። ነገ የሕክምና ቤቱ ቁልፍ በእጇ ይሁን አይሁን አታውቅም። ማታ የቺማን ቃል ሐሰት ነው ብሎ የሚምል ጠበቃ እንዳለ ግን ታውቃለች። ወደ ኋላዋ ተመለከተች።

ቺማ ደፉን ተሻገረች። ልጅቱን በደረቷ እንደያዘች አምባሮቿ በየእርምጃው ይንኳኳሉ፤ አሁን ልታስቆማቸው አልሞከረችም። ሁለቱም እጆቿ ስለተያዙ፣ ሳትዞር፣ በሩን በተረከዟ ገፍታ ዘጋችው።