ከሟቹ ልብስ ጋር

እህቴ ጸዳለ በ2009 ዓ.ም. ባሏን ጋሽ ልዑልሰገድን ስትቀብር ያለቀሰችው ለእሳቸው ብቻ አልነበረም። ቀድማቸው የሞተችው የሁለቱ ልጅ የሊሻን ፎቶዎች በሙሉ የነበሩት እሳቸው ስልክ ውስጥ ነው።

ጋሽ ልዑልሰገድ ዘመናዊ ነበሩ። የአርባ ምንጭ ምስጥ አልበሙን ሳይጨርሰው ብለው እያንዳንዱን ፎቶ በስልካቸው አነሱና አልበሙን አቃጠሉት። የስልኩን መክፈቻ ቁጥር ስትጠይቃቸው "ሳልሞት ልትወርሺኝ ነው?" አሏት። ስለ ሞታቸው ግን ያልተናዘዙት ነገር አልነበረም። ቤቱም፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ያለው የሙዝ ማሳም፣ የልቅሶው ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ሳይቀር በንስሐ አባታቸው ፊት ተነግሯል። ያንን ቁጥር ግን ይዘውት ሄዱ።

ከአርባው በኋላ ልብሳቸው ለዘመድ ተከፋፈለ። እህቴ ጓዳ ሆና ስታለቅስ ወንድማቸው ይበልጣል ካፖርቱንና ስልኩን አንድ ላይ አነሳ። በዚህ ሙቀት ካፖርት ምን እንደሚያደርግለት እግዜር ይወቅ። ካፖርቱን ላውንደሪ፣ ስልኩን ሲቀላ ሰፈር ላለ ስልክ ጠጋኝ ሰጠ። የሟች ዕቃ ሳይጸዳ አይያዝም ባይ ነው። የሟች ስልክ ሲጠራ መስማትም ስለከበደው ሲም ካርዱን ሰባብሮ ጣለው። አስተዋይ ሰው ነው።

ወሬውን እንደሰማን ጠጋኙ ዘንድ ሮጥን።

"እትዬ፣ ሁሉንም አጥፋው ተብዬ ነው ያጠፋሁት" አላት። "ምናልባት አካውንታቸው ላይ ተቀምጦ ይሆናል። የይለፍ ቃሉን ያውቁታል?"

አታውቀውም ነበር።

"እንግዲያው በስልክ ቁጥራቸው የይለፍ ቃል መቀየሪያ መልእክት እናስልካለን።"

ቁጥሩን መልሶ ለማውጣት ደግሞ ባለቤቱ ራሳቸው መታወቂያ ይዘው መቅረብ ነበረባቸው። እህቴ እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች።

ይበልጣል በሳምንቱ ስልኩን ይዞ እየሳቀ መጣ። "አዲስ ሆነልሽ፤ አሁን የፈለግነውን ያህል ፎቶ ይይዛል" አለ። "በይ ቀና በይ፣ በአንቺ ልጀምር።" አነሳትና አሳያት።

ጸዳለ የገዛ ፊቷን ብዙ አየችው። ከዚያ ከንፈሯ ላይ ጣቷን አሳርፋ "አፏ ልክ እንዲህ ነበር" አለች።

"የማን?" አለ ይበልጣል።

ያን ቀን እጁን ይዤ ከቤት ያስወጣሁት እኔ ነኝ።