አልይዝ ያላት አሳማ

ሐዊና ባሏ ጋሩማ ዲጋ ከተማ ዳር አሳማ ያረባሉ። ዘንድሮ እናቲቱ አሳማ በአውራው ደጋግማ ብትጠቃም ፅንስ አልይዝ አላት።

«መካን ናት፤ ለቢላ ትሁን» አለ ጋሩማ።

ፉርሽካ የምታሸው የሐዊ እጅ ቆመ። ከተጋቡ ጀምሮ ልጅ አልወለዱም፤ አማቷ አዴ ኡርጂ በመጡ ቁጥር ይህንኑ ቃል በአሽሙር ይወረውሩባታል።

«ከመታረዷ በፊት አዳቃዩን እንጥራ» አለች ቀስ ብላ።

አዳቃዩ ቂርቆስ የጎጃም ሰው ነው፤ ላም ሊያዳቅል ተመድቦ መጥቶ የአሳማውንም ተማረ። የእናቲቱን ወገብ በመዳፉ ሲጫናት ጆሮዋን አቁማ ቀጥ አለች።

«ወንድ ፈልጋለች፤ ደኅና ናት» አለና ወደ አውራው ዞረ። ዘሩን ተቀብሎ ጠብታውን በማይክሮስኮፕ አየ። ከዚያ ጋሩማን ጠራው።

«ምን ይታይሃል?»

«የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።»

«ክረምቱን አሞት ነበር አላችሁኝ። ትኩሳት ዘሩን ይገድለዋል፤ ሲቆይ ሊያገግም ይችላል። እሷን ግን በሌላ አውራ ዘር አዳቅላታለሁ።»

በቀዝቃዛ ሣጥን ያመጣውን ዘር በቀጭን ቱቦ ቀስ አድርጎ ሰጣት። ጋሩማ ግን ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ለማንሳት ዘገየ። ሐዊ ምን እንዳሰበ ገባት። ሐኪም ቤት ስትመላለስ የኖረችው ብቻዋን ነው። «ባልሽን ይዘሽ ነይ» እንዳሏት ስትነግረው፣ «እኔ ምን ሆኜ?» ብሎ ዘግቷት ነበር።

በሳምንቱ ጋሩማ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን ለበሰ።

«ነቀምቴ ልመረመር ነው። አብረሽኝ ነይ» አላት።

እናቲቱ አሳማ በወለደች ሰሞን አዴ ኡርጂ መጡ። በረቱን የሞሉትን ግልገሎች አይተው፣ «እንስሳውስ ይወልዳል» አሉ፣ ዓይናቸውን ሐዊ ላይ ጥለው።

«አዮ» አለ ጋሩማ እናቱን፣ «ሐዊ ምንም የለባትም። ተመርምሬያለሁ፤ ጉድለቱ የእኔ ነው። መድኃኒት ጀምሬያለሁ፣ ይርዳኝ አይርዳኝ ገና አይታወቅም። ከእንግዲህ ነገር ካለሽ ለእኔ ንገሪኝ።»

አሮጊቷ መሬት መሬቱን እያዩ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ፣ «ሐዊ፣ ነይ እስቲ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» አሉ።

ሐዊ ወዲያው አልሄደችም። ለአሳማዋ ውሃ ቀዳችላት፣ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ሄዳ ተቀመጠች።