የባሕሩ ጠላቶች

...ደግሞ ፈገግ በይ ትላታለች ኃላፊዋ፣ ፈገግ በይ ኪልቱም፣ ልጆቹ የሚያዩት ፊትሽን ነው እንጂ ባሕሩን አይደለም፣ ታዲያ ባሕሩን ካላዩ ከካዛብላንካ ድረስ ያን ሁሉ መንገድ የመጡት የኔን ጥርስ ሊቆጥሩ ነው? ኪልቱም ፈገግ ትላለች፣ ጥርስ ነክሶ ፈገግ ማለት እንደሚቻል የተማረችው በዚህ በጋ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው በሁለት ዓመት ያላስተማራትን የልጆቹ የባሕር ካምፕ ኃላፊ ላላ ሱንዱስ በሦስት ሳምንት አስተማረቻት። አሥራ ሁለት ቢጫ ኮፍያ። አሥራ ሁለት ጥንድ የጎማ ቦቲ፣ አንድም ያልተቀደደ። ቁጠሪ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ ሬዳ የታለ፣ ሬዳ ውረድ ከዚያ አለቱ ያንሸራትታል፣ አሥራ ሁለት፣ እሺ።

ባሕሩ ገና ከማለዳው ሸሽቶ አለቶቹ ተራቁተዋል፣ ግን ማዶ ያለው ውሃ አላማራትም፣ ያብጣል፣ ዛሬ ቶሎ ይመለሳል፣ ይህን ከየትኛውም መጽሐፍ አላነበበችውም፣ አፍንጫዋ ነው የነገራት።

ዛሬ ቆብ መሳዩን ዛጎል እናያለን፣ ትላለች፣ ድምጿ የሷ አይደለም፣ የሳሙና ማስታወቂያ የምትሠራ ሴትዮ ድምፅ ነው፣ ተመልከቱ፣ ይህ ትንሽ ቆብ አለቱ ላይ ተለጥፎ የቀረ ይመስላል አይደል፣ ግን ውሃው ሲሸፍነው ተነስቶ ይሄዳል፣ አረንጓዴውን እየጋጠ ይዞራል፣ ከዚያ ወደ ገዛ ቦታው ይመለሳል፣ ጠርዙ ከአለቱ ጋር እንደ ድስትና ክዳን ይገጥማል። ቦታውን በምን ያውቀዋል ቲቸር? ጂሃን ናት፣ ሁልጊዜ ጂሃን ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ሁለት ጥርስ የጎደላት፣ ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ የምትመጣ፣ ከአሥራ ሁለቱ ባሕሩን የምታይ እሷ ብቻ፣ ኪልቱም ልትጠላት ሞክራ አልሆነላትም። በምን እንደሚያውቀው እስካሁን በቅጡ የደረሰበት የለም የኔ እመቤት፣ ምናልባት አንቺ ትደርሺበት ይሆናል። ልጅቷ ፊቷ በርቶ ትጽፋለች፣ እኔም ስድስት ዓመቴ ሆኖ እንዲህ ጠይቄ ነበር፣ በምን ያውቀዋል እማ? እናቴ ቀና ሳትል፣ አንቺስ ስትጫወቺ ውለሽ ቤትሽን በምን ታውቂዋለሽ፣ ስለሚርብሽ አይደል፣ አለችኝ። ደብተር የለ ላስቲክ የለ።

አሁን ወረቀቱ።

ወረቀቱን አታንብቢው። አንብቢው። ደብዳቤው አለ፣ አጋዲር ያለው የባሕር ምርምር ጣቢያ ያለ ድጋፍ ደብዳቤ አይቀበልም፣ ደብዳቤውን የምትጽፈው ላላ ሱንዱስ ናት፣ የቀረሽ አንድ ሳምንት ነው፣ አንብቢው። የባሕሩ ጠላቶች ይላል ከላይ፣ በላስቲክ የተለበጠ፣ ባለ ቀለም፣ አንደኛ የላስቲክ ከረጢት፣ ሁለተኛ የሞተር ዘይት፣ ሦስተኛ ሻሽ ያሰረች ሴት ቅርጫት ተሸክማ፣ ፊት የላትም፣ ፊቷን ሳይስሉላት ቀይ መስመር አጋድመውባታል። ያልተማሩ ሰብሳቢዎች ጥቁሩን ዛጎል ከአለት እየፈነቀሉ ባሕራችንን ያራቁታሉ። ባሕራችንን! የማን አባት ባሕር ነው? ፋብሪካ ፋብሪካ እየሸተተ በሁለት ዓመት ውስጥ በቅሎ የተሽቀረቀረ ካምፕ፣ የሰብሳቢዎቹን የታች መንገድ በሽቦ አጥሮ፣ ባሕራችን! የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ተናግራ ነበር፣ በትህትና፣ እጇን አጣምራ፣ ላላ ሱንዱስ፣ ሰብሳቢዎቹ ሴቶች እኮ አንድ አለት ከነኩ ሁለት ዓመት ያሳርፉታል፣ ትንንሹን አይነኩም፣ ብላ፣ ሴትዮዋም ጉንጯን ዳበስ አድርጋ፣ የኔ ቆንጆ፣ እኛ የምናስተምረው ሳይንስ ነው፣ ተረት አይደለም፣ አለቻት። አርብ አርብ ደግሞ ያንኑ ጥቁር ዛጎል በቅቤና በሎሚ ለእንግዶች ያቀርባሉ፣ ከየት መጣ አይባልም፣ በመኪና ነው የመጣው፣ በመኪና የመጣ አይራቆትም መሰለኝ።

ታነበዋለች። ሦስተኛው ጠላት፣ ትላለች፣ አንደበቷ ላይ አሸዋ አለ፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ፣ ሰብሳቢዎች! በደንብ አጥንተውታል፣ ጎበዞች፣ እኔ ነኝ ያስጠናኋቸው።

የእናት ሥራ፣ ይላል የቅጥሩ ፎርም፣ የቤት እመቤት ብላ ሞላችው። የቤት እመቤት! እጇ በጨው የተሰነጠቀ፣ የግራ ጉልበቷ እንደ በር የሚንቋቋ፣ እናቴ ኢጃ፣ የአለት ሴት፣ ከነመፈንቀያ ብረቷ ከነቅርጫቷ፣ ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ በቡዝሩግ ያሳደገችኝ፣ እኛ ጥቁሩን ዛጎል ቡዝሩግ ነው የምንለው፣ አፍልታ፣ ፈልፍላ፣ አድርቃ፣ ማክሰኞ ገበያ ወርዳ። ሥራውን ያዢው ያለችኝም ራሷ ናት፣ ያዢው፣ ቅጠሪኝ ብለሽ ስትገቢ ግን እኔን አታንሺኝ፣ የዓሣ ሽታ ይዘሽ አትግቢ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ስል ትንሽ ደስ አለኝ። እሱን ነው ይቅር የማልለው፣ ያችን ትንሽ ደስታ።

ፊሽካ።

ዘበኛው ባ ብራሂም ነው፣ ከሽቦው ጥግ፣ ይነፋል፣ እጁን ያውለበልባል። ኪልቱም ዘወር ትላለች፣ ሰዉ አፍንጫው ከሚለው ከዚያ ከሾለው ገደል ሥር ሦስት ሴቶች እየወጡ ነው፣ እስከ ወገባቸው ረጥበዋል፣ ቅርጫታቸው ጀርባቸው ላይ፣ ውሃው ቶሎ ተመልሶ የዙሪያውን መንገድ ዘግቶባቸው በካምፑ አሸዋ መቁረጣቸው ነው፣ ሌላ ምርጫ የላቸውም፣ ፊተኛዋ በግራ እግሯ ታነክሳለች። አይሁን። ሌላ ሴት ትሁን። የሚያነክስ ሰው መቼም አንድ አይደለም። ባ ብራሂም ፊሽካውን ይነፋል እንጂ አይንቀሳቀስም፣ የእናቴ የአጎት ልጅ እኮ ነው፣ ስንት ዓመት ከእኛ ገበታ በልቷል፣ አሁን ጉንጩን ነፍቶ ይነፋል፣ እንጀራ ነው፣ እኔስ ምን አልኩ፣ እኔም እየነፋሁ ነው።

ልጆቹ ቀድመዋት ሮጠዋል። ጠላቶች! ጠላቶች መጡ! ሬዳ ነው፣ የሚስቅ ይመስላል፣ ለሱ ጨዋታ ነው፣ ጂሃን ግን አትስቅም፣ ጂሃን እያለቀሰች ነው የምትሮጠው፣ የፊተኛዋን ሴት ቅርጫት በሁለት እጇ ይዛ፣ ልቀቂያቸው! ቤታቸው ይመለሱ! ገደልሻቸው! ስትጎትት ማንጠልጠያው ይበጠስና ቅርጫቱ ይገለበጣል፣ የአንድ ቀን ሥራ፣ ጥቁሩ ዛጎል እየተንኳኳ አሸዋው ላይ ይፈሳል፣ ልጆቹ በእፍኝ በእፍኝ እያፈሱ ወደ ማዕበሉ ይወረውራሉ፣ ሂዱ! ወደ ቤታችሁ ሂዱ! ቢጫ ኮፍያዎቹ ይዘላሉ፣ ደስ ብሏቸዋል፣ መልካም ሥራ እየሠሩ ነው።

የኪልቱም እናት ቆማለች። ልጅ አትመታም። ዓይኗን ከቅርጫቱ ታነሳና ኪልቱምን ታያታለች፣ የካምፑን ሰማያዊ ካናቴራ፣ ደረቷ ላይ የተንጠለጠለውን ስም፣ ከዚያ ከተወለደች ጀምሮ ልጇን አንድ ቃል አናግራት በማታውቅበት በዓረቢኛ፣ በዚያ በተሰባበረ የገበያ ዓረቢኛዋ፣ ላላ፣ ትላለች፣ እመቤቴ እንደማለት፣ ላላ እባክዎን፣ ልጆቹን ይያዙልኝ።

እባክዎን።

አንቱ አለችኝ። እናቴ አንቱ አለችኝ። የተናገረችውም አጎንብሳ ነው፣ እንደማታውቀኝ፣ ለደብዳቤው ብላ፣ ፎርሙ ላይ የሞላሁትን አይታው ይመስል፣ እኔ የካድኳትን ያህል ራሷን እየካደችልኝ ነው፣ ኪልቱም አንድ ጊዜ ትተነፍሳለች፣ ሁለት፣ እዚያው ላይ ማለፍም ይቻላል፣ እሺ እናት ብሎ፣ ልጆችን ሰብስቦ፣ ፈገግ ብሎ፣ ሦስት፣ በዕድሜዋ እንደነዚህ ሦስት ትንፋሾች የረዘመባት ነገር የለም፣ ከዚያ ንዴት ይመጣባታል፣ በማን ላይ እንደሆነ አታውቀውም፣ በላላ ሱንዱስ፣ በእናቷ፣ በወረቀቱ፣ በዚያች በተረገመች ትንሽ ደስታ።

አቁሙ! ጩኸቷ ራሷን ያስደነግጣታል። አሥራ ሁለቱም ይቆማሉ። ጂሃን፣ አስቀምጪ። ግን ቲቸር አንቺ ነሽ እኮ ያልሽን! አዎ እኔ ነኝ ያልኳችሁ፣ የተጻፈልኝን ነው ያነበብኩት፣ ውሸት ነው፣ ይቺ ሴትዮ እናቴ ናት።

አፍሽን ዝጊ፣ ትላለች እናቷ በሽልሃ፣ በሁለቱ በራሳቸው ቋንቋ፣ ዝቅ አድርጋ፣ አፍሽን ዝጊ አንቺ ልጅ፣ አላውቅሽም። አልዘጋም። ኪልቱም አሸዋው ላይ ተንበርክካ መልቀም ትጀምራለች፣ ወረቀቱን ከሥሯ ጣል አድርጋ፣ ጂሃን ነይ፣ ከቀረው ውስጥ ከአውራ ጣትሽ የሚያንስ አንድ ዛጎል ፈልጊልኝ። ልጅቷ ዓይኗን ጠርጋ ትንበረከካለች፣ ታገላብጣለች፣ ነገር ስትፈልግ እንደሁልጊዜው ምላሷን አውጥታ፣ የለም ቲቸር፣ አንድም የለም፣ ለምን? እኔን አትጠይቂኝ፣ እሷን ጠይቂያት፣ እኔን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ልጅቷ ቀና ብላ ታያለች፣ ጣቷን ዛጎሉ ቆርጧት ደም እየወረደ ነው፣ አላወቀችውም፣ ኢጃ ግን አየችው፣ ሳትወድ፣ ፊቷ እንደ ድንጋይ እንደጠነከረ፣ ጉልበቷ እየተንቋቋ ጎንበስ ትልና የልጅቷን እጅ ትቀማታለች፣ እንዲህ አይያዝም፣ ከጀርባው ነው፣ ትላለች በዚያው ዓረቢኛ፣ ጣቷን ባሕር ውሃ ውስጥ ነክራ አጥባ፣ ትንሹ ገና አልወለደም፣ ትንሹን ከበላሽ ከርሞ ምን ትበያለሽ? ጂሃን ጣቷን ታያለች። ከዚያ፣ ይቅርታ፣ በጣም ቀጭን ድምፅ፣ አላወቅኩም ነበር። ኢጃ ትከሻዋን ትነቀንቃለች። ወርውረሽ ጨረስሽው እኮ።

ምንድን ነው ይሄ ትርኢት? ላላ ሱንዱስ ደረጃውን ወርዳ መጥታለች፣ ነጭ ጫማ፣ ነጭ ሱሪ፣ አሸዋው ላይ እንደ ጋለ ምጣድ እየረገጠች። ወላጆች ፎቅ ላይ ሆነው ያያሉ! እነዚህ ሴቶች እዚህ ምን ይሠራሉ? እናቴ ናት። ማን? ያቺ፣ ሦስተኛዋ ጠላት። ሴትዮዋ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ታያለች፣ ፎርሙ ላይ ሌላ ነው የሞላሽው፣ ዋሽተሽናል ማለት ነው። ዋሽቻለሁ፣ እናንተን አንድ ጊዜ ነው የዋሸሁት፣ እነዚህን ልጆች ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ። ካናቴራውን መልሺ። እመልሳለሁ፣ አሁን ላውልቀው? ሬዳ ይስቃል። ደብዳቤውን እርሺው ኪልቱም፣ ለጣቢያውም እደውላለሁ። ይደወል፣ ትላለች፣ ትላለች እንጂ አጋዲር ገደል ገብቷል፣ ሲወድቅ ይሰማታል፣ ገና መሬት አልደረሰም።

ሴቶቹ በመጡበት ይመለሱ፣ ብራሂም! ትጣራለች ሴትዮዋ። ባ ብራሂም ይመጣል፣ ፊሽካው አንገቱ ላይ፣ ወደ ሾለው ገደል ያያል፣ ውሃው እየደበደበው ነው፣ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን ያካል፣ በመጡበትማ ላላ፣ ውሃው ዘግቷል፣ ይስመጡ ካሉኝ ልንገራቸው፣ እንግዶችዎ ከላይ ያያሉ። ከዚያ መልስ ሳይጠብቅ የኪልቱምን እናት ቅርጫት ከነተበጠሰው ማንጠልጠያ አንስቶ ትከሻው ላይ ያደርግና ወደ ደረጃው ይሄዳል፣ ኢጃንም ቀና ብሎ አላያትም፣ እሷም እሱን።

ደረጃው ዘጠና ሁለት ነው፣ እናቷ ዘጠናውንም ሁለቱንም በስድብ ትወጣዋለች፣ አብረዋት የነበሩት ሁለቱ ሴቶች ከኋላ እየተከተሉ፣ ማን ጠየቀሽ? እኔ ጠየቅኩሽ? ያንን ገደል ሁለት ዓመት ሙሉ የዞርኩት አንቺ አለት ለአለት እንዳትዞሪ አይደለም? አንድ ሳምንት! አንድ ሳምንት ምላስሽን ብትይዢ ይሞታል? ኪልቱም እየወጣች ታስባለች፣ ልክ ናት፣ ልክ ናት ደግሞ አይደለችም፣ ከዚያ እሷም ይፈነዳባታል፣ ማን አንቱ በይኝ አለሽ! ለምን አጎነበስሽልኝ! ለምን ብዬ? ላንቺ ብዬ ነዋ፣ የበቅሎ ራስ! እንዳታጎነብሺልኝ! ሁለተኛ እንዳታጎነብሺልኝ! አሁን ምን ልትሆኚ ነው፣ ከኔ ጋር ልትፈነቅዪ? ልፈንቅል! እጅሽን እሰብረዋለሁ! ስበሪው፣ እባክዎን ከምትዪኝ ስበሪው!

እንግዳ መቀበያው ነጭ ንጣፍ ነው፣ ቀዝቃዛ፣ ሎሚ ሎሚ ይሸታል፣ ከሦስቱ ቅርጫት የባሕር ውሃ ይንጠባጠባል፣ ሶፋው ላይ ያሉት ሰዎች ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቀርተዋል፣ ጠረጴዛው ጋ ያለችው ሠራተኛ ከወንበሯ ተነስታ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ እናንተ ትተዋወቃላችሁ?

እናቷ ትዞራለች፣ ከቀሚሷ ጨው ውሃ እየወረደ፣ መላው አዳራሽ እንዲሰማ፣ በዚያ በተሰባበረ ዓረቢኛዋ፣ ትተዋወቃላችሁ? ይቺ ጉድ ከሆዴ ነው የወጣችው! ወንድም የላት እህት የላት፣ አንድ እሷን ወልጄ አየሽ ምን እንዳደረገችኝ? ከዚያ ወደ ሽልሃዋ ተመልሳ ካቆመችበት ቀጥላለች፣ ኪልቱም ከጎኗ እኩል እየተራመደች ትመልስላታለች፣ እስከ በሩ፣ ከበሩም አልፎ፣ ዳገቱን ሙሉ።