የሙናዊር ምርጥ ትወና

ሙናዊርና ፉርቃን በአምስት ፊልም ሁለት ቀልቃላ ደላሎች ሆነው አገር ሲያስቁ፣ መርካቶ የአንዱን ስም ያለሌላው ጠርቶ አያውቅም ነበር። የዱባይ ተራ ቪሲዲ ቤቶች ከጠዋት ጀምሮ የእነሱን ፊልም ነው የሚከፍቱት። ለስድስተኛው ፊልም ዳይሬክተሯ የሻሽወርቅ ደላሎቹን ወደ ስለላ አስገባቻቸው። ይሁን፤ ግን ለፉርቃን ሁዛይፋ የሚባል ወጣት ተዋናይ አዲስ የስለላ ጓደኛ አድርጋ አመጣችለት። ሙናዊር ደግሞ ሚስጥራዊ ቦርሳ ይዞ የሚሸሽ ጠላት ሆነ።

ሰውየው በቅናት አረረ። ምሳ ላይ ፉርቃን ሁዛይፋን ሲያጎርስ ባየ ቁጥር የራሱን እንጀራ ገፍቶ ይተወዋል። ያ ጉርሻ ስንት ዓመት የእሱ ነበር እኮ። ልጁ ሲቀልድ ሁሉም ይንከተከታል፤ ሙናዊር ብቻ ጥርሱን ነክሶ ይቀመጣል። በሰባተኛው ፊልም እኔን ማን ይፈልገኛል እያለ እንቅልፍ አጣ።

እህል በረንዳ የሚቀረጸው፣ ሁዛይፋ ቦርሳውን ከሙናዊር ነጥቆ ሲሮጥ ነበር። ገበያተኛው እንዳይነቃ ካሜራው ፎቅ ላይ ተደበቀ። ሁዛይፋ በዚያ ቀትር ካፖርት ደርቦ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ከእጅጌው ጋር እያወራ መጣ። መርካቶ ውስጥ እንዲህ የለበሰ ሰው ሰላይ አይመስልም፤ ሌባ ነው የሚመስለው። ገና ቦርሳውን ከመንጠቁ ተሸካሚዎቹ አፈፍ አድርገው የጤፍ ጆንያ ላይ አጋደሙት።

«ጋሽ ሙናዊር፣ በአላህ ንገራቸው» አለ ልጁ፣ መነጽሩ አገጩ ላይ ተንጠልጥሎ።

ተሸካሚዎቹ ወደሚወዱት ተዋናይ ዞረው፣ የአንተ ሰው ነው ወይ አሉት። ሙናዊር ልጁን ከላይ እስከ ታች አየው። አንድ ቃል ነበር የሚፈለግበት።

«አይቼውም አላውቅ» አለ።

የሻሽወርቅ ከፎቅ ሮጣ ወርዳ እስክታስለቅቀው የሁዛይፋ ካፖርት ተተርትሮ አለቀ። የሙናዊር መልስ ግን ከራሱ አምጥቶ የጨመረው ቀልድ መሰላትና ትዕይንቱን ፊልሙ ውስጥ አስገባችው።

ፊልሙ ሲመረቅ እዚያች ቦታ ላይ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰው ከወንበሩ ተነስቶ ለሙናዊር አጨበጨበ፤ የሻሽወርቅም እንዲህ ተውነህ አታውቅም ብላ አቀፈችው። እሱም ደረቱን ነፍቶ ወደ ፉርቃን ዞረ። ፉርቃን እጆቹን ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠ ነበር።

«እኔ ስትተውን አውቅሃለሁ» አለው ቀስ ብሎ። «ያን ቀን እየተወንክ አልነበረም።»