ያልተሰበረው መስታወት

አባቷ የድልድዩ ዘበኛ ነው። እሷ ደግሞ የምህንድስና ተማሪ ናትና፣ መምህሩ «ያረጀ ድልድይ ፈልጋችሁ መርምሩ» ሲል ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። በዚህ ትምህርት ዓምና ወድቃለች። ዘንድሮም ከወደቀች ዓመቱን ትደግማለች፤ መድገም ደግሞ እነሱ ቤት ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚነገር ቃል ነው።

ሥራው ቀላል ነበር። የመካከለኛው ምሰሶ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ስንጥቁን አቋርጣ ጣት የምታህል ስስ መስታወት በጂፕሰም ትለጥፋለች። ስንጥቁ ከሰፋ መስታወቱ ይሰበራል፤ ካልሰፋ እንዳለ ይቆያል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሄዳ አይታ መጻፍ ነው፣ በቃ። ለሦስት ወር።

መስታወቱ ወይ ፍንክች! ሰባ ሰው የጫነ አውቶቡስ ከላይ እየተንጓጓ ያልፋል፣ የድልድዩ አጥር ይንቀጠቀጣል፣ መስታወቱ ግን ምን ገዶት። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ገርሟት ነበር። ደስ የሚል ነገር ሲደጋገም ግን ማን ይመረምራል? «ድልድዩ ጽኑ ነው» ብላ ጻፈች። መምህሩ ጽሑፏን ለክፍሉ አነበበና ከመቶ ዘጠና ስምንት ሰጣት። ሁለቷን የቀነሰው እንዳትኮራ ብሎ እንደሆነም ነገራት።

ከክፍል እንደወጣች እየሮጠች አባቷ ጥበቃ ቤት ገባች።

«አባዬ፣ አለፍኩ! መስታወቱ ሦስት ወር ሙሉ ሳይሰበር!»

የአባቷ ፊት በራ። «ታዲያስ! እኔ አባትሽ እያለሁልሽ?»

«እንዴት ማለት?»

«ማለትማ፣ ጠዋት ጠዋት ወርጄ አየዋለሁ። ተሰብሮ ባገኘሁ ቁጥር በልኩ ቆርጬ፣ ልክ እንዳንቺ አድርጌ እለጥፋለሁ። የሰው ሥራ የሚያበላሽ ባለጌ መቼም አይጠፋም። ዘጠኝ ጊዜ ቀይሬልሻለሁ! የቀየርኩበትን ቀን ሁሉ ጽፌዋለሁ። አንድም ቅዳሜ ተሰብሮ አልጠበቀሽም።»

አባቷን ትክ ብላ አየችው። እንደዚህ ሰው የሚወዳት የለም፤ እንደዚህ ሰው ጉድ የሠራትም የለም። ልትስቅም ልታለቅስም ፈልጋ ሁለቱም እምቢ አላት። መስታወቱ የተለጠፈው ለምን እንደሆነ ቀስ ብላ አስረዳችው።

«ታዲያ... የሚሰብረው ራሱ ድልድዩ ነው?» አለ።

«ራሱ ነው።»

«ብትናገሪስ? ማርኩ ይሰረዛል?»

«ይሰረዛል። እደግማለሁ።»

አውቶቡስ መጣ። ተሻግሮ እስኪያልቅ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ያዙ።

«ሂጂ ንገሪያቸው» አለ አባቷ፣ ዓይኗን ሳያይ። ቀኖቹን የጻፈበትን ደብተርም ሰጣት።

መምህሩ ሰምቶ ግንባሩን አሻሸ። «ሌላ ሰው የነካው ልኬት፣ ልኬት አይባልም። አዝናለሁ፣ ዜሮ ነው። የድልድዩን ጉዳይ ለመንገድ ክፍል ሄደሽ አመልክቺ።»

አመለከተች። የመንገድ ክፍሉ ባለሙያ ዘጠኙን ቀናት በጣቱ እየተከተለ አነበበ፣ ወርዶ ስንጥቁን አየ፣ ሜትሩን ከኪሱ እንኳ አላወጣም። በማግስቱ ድልድዩ በሰንሰለት ተዘጋ። መኪና እንዲመልስ የታዘዘው አባቷ ነው። እሷም ብቻውን እንዳይሆን አብራው ዋለች።

ወደ አመሻሹ አንዲት ትንሽ መኪና መጥታ ሰንሰለቱ ጋ ቆመች። ሹፌሩ አንገቱን ብቅ አደረገ፤ መምህሩ ነበር። እሷ ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ሽምቅቅ አለች።

«አባት፣ የእኔ መኪና ቀላል ናት። እባክዎ ያሳልፉኝ» አለ። «ደግሞ እኔ የምህንድስና መምህር ነኝ፤ ድልድይ አውቃለሁ።»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ አይቻልም። ልጄ መርምራ አይታለፍበትም ብላለች። እሷ ካለች አለቀ!»

«ልጅዎ ምንድን ናት?»

«ኢንጂነር ናታ!»

መምህሩ በአባቷ ትከሻ ላይ አሻግሮ አያት። ዜሮዋን አባቷ ፊት እንዳያነሳባት ፈርታ ጆሮዋ ጋለ። እሱ ግን ለአባቷ «ካለችማ ልክ ናት» አለና መኪናውን አዞረ።

«ጨዋ ሰው ነው» አለ አባቷ። «ያውቅሻል እንዴ?»

«ከርሞም ያስተምረኛል» አለች።